የቤት ሴፕቲክ ታንክ በመሃል አዲስ አበባ፦ መስመር ከማጣራት እስከ መጀመሪያው ማስመጠጥ

አራዳ፣ ቂርቆስ፣ ልደታ፣ አዲስ ከተማ። በእነዚህ ክፍለ ከተሞች ግቢ ያላቸው ብዙ ሰዎች ሴፕቲክ ታንክ፣ ማለትም የቤቱ ፍሳሽ የሚገባበት የምድር ውስጥ ታንክ፣ ሲያሠሩ የሚቸገሩት አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ ቆፋሪ ይጠራሉ። ወረቀቱን የሚያስቡት ጉድጓዱ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ ሥራው ይታገዳል፣ ጉድጓዱ አፉን እንደከፈተ ዝናብ ይመጣል። ሌላው ደግሞ ሠርቶ ይጨርስና መምጠጫ መኪና ሰፈሩ እንደማይገባ የሚያውቀው ታንኩ ሲሞላ ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የከተማው ፍሳሽ መስመር፣ ይዞታ፣ ቦታ፣ አፈር፣ ንድፍ፣ ፈቃድ፣ ቁፋሮ። አንዱንም አትዝለሉ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ገንዘብ የሚበላው እነሱን መዝለል ነው።

በእጃችሁ ይኑር

ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን በአንድ ፋይል አድርጉ፦

- የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ ዋናውና ቅጂው
- የባለይዞታው መታወቂያ፤ የምትከታተሉት በውክልና ከሆነ የውክልና ማስረጃው
- የዘመኑ የግብር ወይም የሊዝ ክፍያ ደረሰኝ
- የቅርብ ጊዜ የውሃ ቢል፤ የደንበኛ ቁጥራችሁ እዚያ ላይ አለ
- የግቢው ንድፍ በእጅ የተሳለ፦ ቤቱ፣ ሰርቪሱ፣ ኩሽናው፣ አሮጌው ጉድጓድ፣ በሩ፣ የጎረቤት ግድግዳ፣ ሁሉም በሜትር

ንድፉን በደንብ ሥሩት። ስዕሉ ያምር አይምር ግድ የለም፤ ልኩ ግን ትክክል ይሁን።

ደረጃ 1፦ የፍሳሽ መስመር አለ ወይ?

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው። የከተማው ፍሳሽ መስመር በደጃችሁ ካለፈ ሴፕቲክ ታንክ መሥራት ትርፉ ወጪ ነው። መስመሩ ላይ መቀጠል ይሻላል፣ የሚጠበቅባችሁም እሱ ነው።

1. በአካባቢያችሁ ወዳለው የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ሂዱ። በነጻ መስመር 906 ደውላችሁ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚመለከታችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።
2. የውሃ ቢላችሁን አሳዩና የፍሳሽ ክፍሉን ጠይቁ፦ «በዚህ መንገድ መስመር አለ? በምን ያህል ጥልቀት? ከእኛ ግቢ ይቀበላል?»
3. መልሱ «የለም» ከሆነ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ደረጃ 6 ላይ ይጠቅማችኋል።

በመንገዱ ላይ ማንሆል ስላያችሁ ብቻ መስመር አለ አትበሉ። የቴሌም፣ የጎርፍም ማንሆል አለ። ከዓመታት በፊት «መስመር የለም» ተብላችሁ ከሆነም እንደገና ጠይቁ። በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳን፣ አራት ኪሎንና ሌሎች የመሃል ከተማ ሰፈሮችን ሲያዳርስ ከመንገዱ ሥር ያሉ መስመሮችም ተቀይረዋል። የድሮው መልስ ዛሬ ላይሠራ ይችላል።

መስመሩ ኖሮ ግቢያችሁ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ከሆነስ? የመሃል ከተማው ፍሳሽ ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ የሚወርደው በአብዛኛው በራሱ ቁልቁለት ነው። ከመስመሩ በታች ያለ ግቢ በራሱ አይፈስም። ትንሽ የማጠራቀሚያ ጉድጓድ ሠርቶ በፓምፕ መግፋት ወይም በታችኛው ግቢ በኩል በስምምነት ማለፍ ይቻላል። የቅርንጫፉ ባለሙያ ቦታው ድረስ መጥቶ እንዲያይ አድርጉ። መንገድ መቆረጥ ካለበት ፈቃዱ የሚጠየቀው ከአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን ነው። ኮብልስቶኑን በራሳችሁ ቀን ሠራተኛ አታስነሱ።

መስመር ላይ ከቀጠላችሁ አሮጌውን ጉድጓድ አስመጥጡና በአሸዋ ወይም በጠጠር ሙሉት። ባዶውን ትታችሁ ብትደፍኑት ሶሌታው አርጅቶ አንድ ቀን ሰው ይዞ ይወርዳል።

ማስጠንቀቂያ፦ የሽንት ቤት ቧንቧን ወደ ጎርፍ ማፋሰሻ ዲች ወይም ወደ ወንዝ መልቀቅ ጨርሶ አማራጭ አይደለም። የአገሪቱ የጤና ሕግ ያልታከመ የሴፕቲክ ታንክ ፍሳሽ ወደ ውሃ አካል መልቀቅን በግልጽ ይከለክላል። ከተማዋም የወንዞች ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከል ደንብ ቁጥር 180/2017ን አውጥታ መቅጣት ጀምራለች። ከቅጣቱ በላይ ግን ያ ውሃ ከታች ባሉ ሰፈሮች በልጆች እግር ሥር ነው የሚያልፈው።

ደረጃ 2፦ ይዞታውን ማጣራት

የግል ካርታ ካላችሁና ስሙ የራሳችሁ ከሆነ ይህ ደረጃ አጭር ነው። ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ። ቦታው በመልሶ ማልማት ፕላን ውስጥ ነው? ከወንዝ ዳርቻ ወይም ከመንገድ ማስፋፊያ ክልል ይገባል? ለአንዱ መልሱ «አዎ» ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። ለሚፈርስ ቤት አርማታ አይፈስም።

ችግሩ የሚመጣው በሌሎቹ ላይ ነው፦

ካርታው በሟች ወላጅ ስም ከሆነ። መሃል ከተማ ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ከወንድም እህት አንዱ ግቢው ውስጥ ይኖራል፣ ሌሎቹ ውጭ ናቸው፣ ስም አልዞረም። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ሳይኖራችሁ የፈቃድ መስኮት ላይ አትቁሙ፤ ትመለሳላችሁ። የሁሉንም ወራሾች ስምምነት ወይም ውክልና አስቀድማችሁ ሰብስቡ። ዘመድ «እኔን ሳትጠይቁ ቆፈራችሁ» ብሎ የሚያሳግደው ሥራ ቢሮ ከሚያግደው ይበልጣል።

የቀበሌ ቤት ተከራይ ከሆናችሁ። የምታመለክቱት ለግንባታ ፈቃድ ሳይሆን ለወረዳው የቤቶች አስተዳደር ነው። ባለቤቱ መንግሥት ስለሆነ ጥያቄውን ማቅረብ ያለበት እሱ ነው። ከጎረቤቶቻችሁ ጋር በጋራ ጻፉ፣ ስንት አባወራ አንድ መጸዳጃ እንደሚጠቀም ግለጹ፣ ፎቶ አያይዙ፣ ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠው። በራሳችሁ ገንዘብ ከሠራችሁ ግን ወጪውን ማን ይመልስላችኋል?

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ። ፒያሳና አካባቢው ላይ እንዲህ ዓይነት ቤት አለ። ከከተማው ባህል ቢሮ ፈቃድ ሳይገኝ ከመሠረቱ አጠገብ ምንም አይቆፈርም።

ደረጃ 3፦ ቦታ መምረጥ

ብዙ ሰው ቦታ የሚመርጠው «የማይታይ ጥግ» ብሎ ነው። ከቤት ጀርባ፣ ከሰርቪሱ ኋላ። ይህ ምርጫ በኋላ ያስለቅሳል። የምትመርጡት ቦታ መኪና የሚደርስበት ይሁን።

መጀመሪያ መምጠጫ መኪናው የት ሊቆም እንደሚችል ለዩ። ከዚያ እስከ ታንኩ ክዳን ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ፣ ኩርባውን ሁሉ እየተከተላችሁ። ልኩን ይዛችሁ ለውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣኑ ቅርንጫፍ «ቱቦአችሁ ይደርሳል?» በሉ። የግል መኪና የምትጠቀሙ ከሆነም ባለመኪናውን አምጥታችሁ ቦታውን አሳዩት።

ርቀቱ ብቻ አይደለም፣ ከፍታውም አለ። ይህን ብዙ ግንበኞች እንኳ አያስቡትም። መምጠጫ መኪና ፍሳሹን የሚስበው በአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠረፍ ላይ ይህ ግፊት ውሃን እስከ 10 ሜትር ገደማ ሊያነሳ ይችላል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። እዚህ በስሌት እንኳ 8 ሜትር አይሞላም፣ በተግባር ደግሞ ከዚያ ብዙ ያንሳል። ዝቃጩ ወፍራም ነው፣ ቱቦው ረጅም ነው። ስለዚህ ግቢያችሁ ከመንገዱ 3 ሜትር ዝቅ ብሎ ታንኩን ደግሞ 3 ሜትር ብትቆፍሩት ሊመጠጥ የማይችል ታንክ ሠራችሁ ማለት ነው። ቁልቁለት ላይ ያላችሁ ታንኩን ጥልቅ ሳይሆን ሰፊ አድርጉት።

ሌሎቹ ርቀቶች፦ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር። ከቤት መሠረትና ከአጥር ባለሙያው የሚወስንላችሁን ርቀት ጠብቁ፤ ማስረጊያ ጉድጓዱ (ከታንኩ የሚወጣው ውሃ ወደ አፈር የሚሰርግበት) ከታንኩ የበለጠ ይራቅ። የውሃ መስመራችሁና የምድር ውሃ ማጠራቀሚያችሁ ከታንኩ በላይ እንጂ በታች አይሁኑ።

ከጎረቤት ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ባለይዞታ ጎረቤቱን በመጥፎ ሽታ እንዳያውክ ያዛል። በኋላ ከምትከራከሩ ዛሬ ቡና ላይ ብትስማሙ ይሻላል። ስምምነቱን በወረቀት አድርጉት።

ቦታው ካልተገኘስ? ግቢው በጣም ጠባብ ሆኖ ለማስረጊያ የሚበቃ ርቀት ከሌለው፣ ከሁለትና ሦስት ጎረቤት ጋር አንድ የጋራ ታንክ ማሰብ አለባችሁ። ማን ያስመጥጣል፣ ማን ይከፍላል የሚለውን ከመቆፈሩ በፊት ፈርሙበት።

ደረጃ 4፦ አፈሩን መፈተን

ሴፕቲክ ታንክ ፍሳሹን አያጠፋውም። ጠጣሩን ያስቀራል፣ ውሃውን ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ያሳልፋል። ማስረጊያው የሚሠራው አፈሩ ውሃ ከጠጣ ብቻ ነው። እንዲህ ፈትኑት፦

1. ማስረጊያው በሚሠራበት ቦታና ጥልቀት 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ አውጡ።
2. ጎኖቹን በቢላ ጫሩ። አካፋ ያለሰለሰው ጭቃ ውሃ አያሳልፍም። ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ጠጠር አንጥፉ።
3. ውሃ ሙሉበት። ሲቀንስ እየጨመራችሁ አሳድሩት።
4. በማግስቱ ከጠጠሩ በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ አድርጉ። ውሃው 2.5 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ ስንት ደቂቃ እንደወሰደ ጻፉ። ደጋግሙት፣ የመጨረሻውን ያዙ።

እስከ 30 ደቂቃ ከሆነ ማስረጊያ ጉድጓድ ይሠራል። ከ30 እስከ 60 ከሆነ ጥልቅ ጉድጓድ ትታችሁ በጠጠር የተሞላ ረጅምና ጥልቀት የሌለው ቦይ አስቡ። ከ60 ደቂቃ ካለፈ በዚያ ቦታ ማስረጊያ አትሥሩ።

ማሳደሩን አትዝለሉ። ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ ውሃውን በስንጥቁ በኩል ይውጠዋል፣ «ግሩም አፈር» ያሰኛል። ሐምሌ ላይ አብጦ ስንጥቁ ሲዘጋ ግን ያው ፍሳሽ ግቢያችሁ ላይ ይወጣል። ጥቁር አፈር ላይ ያላችሁ የታንኩን ግድግዳም በብሎኬት ሳይሆን በፌሮና በአርማታ አሠሩት፤ አፈሩ ሲያብጥ ብሎኬቱን ይገፋዋል።

አፈሩ እምቢ ካለ የሚቀረው ዝግ ታንክ ነው። የገባው ሁሉ የሚወጣው በመኪና ብቻ ነው። ከመወሰናችሁ በፊት አስሉት። 10 ሰው በቀን 80 ሊትር ቢለቅ 800 ሊትር ነው። በወር 24,000 ሊትር ይሆናል። 8,000 ሊትር የሚይዝ መኪና በወር ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ይህን የሚችል ኪስ ጥቂት ነው። ስለዚህ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱና መስመሩ ላይ በፓምፕ መቀጠልን እንደገና አስቡበት። ርቀቱ 100 ሜትር ቢሆን እንኳ በዓመታት ውስጥ የሚረክሰው እሱ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 5፦ መጠንና ንድፍ

ሰው ስትቆጥሩ ሰርቪስ ውስጥ ያለውን ተከራይ አትርሱ። ቤተሰቡ አምስት፣ ተከራዩ አምስት ከሆነ ታንኩ የአሥር ሰው ነው።

ለአሥር ሰው ምሳሌ፦ የአንድ ቀን ፍሳሽ 800 ሊትር። ዝቃጭ በሰው በዓመት 40 ሊትር ብንይዝና በየሦስት ዓመቱ ብናስመጥጥ 1,200 ሊትር። ድምሩ 2,000 ሊትር ነው። ላዩ ላይ ለሚንሳፈፈው ቅባትና ለእንግዳ ቀን ጨምሩበትና ወደ 3,500 ሊትር አድርሱት። ውስጡ 2.4 ሜትር ርዝመት፣ 1.2 ሜትር ስፋት፣ 1.2 ሜትር የውሃ ጥልቀት ያለው ታንክ ይህን ይይዛል። ከውሃው በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ባዶ ተዉ።

ባለሙያው ሲስል እነዚህ መኖራቸውን አረጋግጡ፦

- ሁለት ክፍል፤ የመጀመሪያው ከርዝመቱ ሁለት ሦስተኛ
- መግቢያ ቧንቧው ከመውጫው ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ
- በመግቢያም በመውጫም ወደ ታች የሚወርድ ቲ (በ«T» ቅርጽ የተሠራ የቧንቧ መገጣጠሚያ)፤ ያለ እሱ ቅባቱ ወደ ማስረጊያው አልፎ ይደፍነዋል
- ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ የሚከፈት ክዳን
- ከጣሪያ በላይ የሚወጣ የአየር ቧንቧ
- ከቤት እስከ ታንክ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቧንቧ፣ በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ቁልቁለት

የጣሪያ ውሃ ወደ ታንኩም፣ ወደ ከተማው ፍሳሽ መስመርም አይገባም። አንድ የክረምት ዝናብ ዝቃጩን ሁሉ አማስሎ ወደ ማስረጊያው ይገፋዋል።

ደረጃ 6፦ ፈቃድ

ማመልከቻው የሚገባው በወረዳችሁ ወይም በክፍለ ከተማችሁ የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ነው። የቱ እንደሆነ የሚወስነው የሕንፃው ምድብ ነው። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ከፍሏቸዋል። በዚያ አዋጅ መሠረት ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ በምድብ ሀ ይገባል፤ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝም ደግሞ ምድብ ሐ ነው። የሕንፃ ሕግ ስለሚሻሻል ከሌላ ሰው የሰማችሁትን ዝርዝር አትያዙ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር አንብቡና የዕለቱን ዝርዝር ከመስኮቱ ጠይቁ።

1. አዲስ ቤት የምትሠሩ ከሆነ በፕላን ስምምነት ጀምሩ፤ ታንኩ ከቤቱ ንድፍ ጋር አብሮ ይቅረብ። ነባር ቤት ላይ የምትጨምሩ ከሆነ የትኛው የፈቃድ ዓይነት እንደሚመለከታችሁ ጠይቃችሁ ቅጹን ውሰዱ።
2. ንድፉን፣ የአፈር ፈተናውን ውጤት፣ «መስመር የለም» የሚለውን ደብዳቤና የጎረቤት ስምምነቱን አያይዙ። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ባይጠይቋችሁም አያይዙ። ባለሙያው ሊጠይቅ ያሰበውን አስቀድሞ ይመልሱለታል።
3. ያስገባችሁበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር ጻፉ። ክፍያ የምትፈጽሙት በደረሰኝ ብቻ ነው።
4. ፈቃዱ ሲወጣ ቁፋሮ ከመጀመራችሁ በፊት የግንባታ ማስጀመሪያውን አሳውቁ።

«ችግር የለውም፣ ጀምሩ» የሚል የቃል መልስ ፈቃድ አይደለም። የነገራችሁ ሰው ነገ ሊቀየር ይችላል፣ ወረቀቱ ግን ይቀራል። ደጅ ላይ ቆሞ «እኔ አስጨርስላችኋለሁ» የሚለውን ደላላም እለፉት።

ውድቅ ከተደረገባችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። «አይሆንም» በሚል አትመለሱ። ርቀት ከሆነ ንድፉ ይስተካከላል፤ ካርታ ከሆነ ወደ ደረጃ 2 ነው። ያላሳመናችሁ ከሆነ በቅሬታ ሰሚው በኩል አቅርቡ።

ደረጃ 7፦ ቁፋሮና ግንባታ

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሥሩ። ሰኔ ከገባ አትጀምሩ።

የተቆፈረው አፈር ከጉድጓዱ አፍ ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ። ከ1.5 ሜትር በላይ ሲጠልቅ ጎኖቹ በጣውላ ይደገፉ። ማታ ማታ በጠንካራ ነገር ይሸፈን፤ መሃል ከተማ ላይ የአንዱ ግቢ የሁሉም ልጆች መጫወቻ ነው። የቆየ ቧንቧ ወይም ኬብል ካጋጠማችሁ አቁሙና ባለቤቱን ተቋም ጥሩ።

ውሃ ከምድር ቢወጣባችሁ ንድፉን የሠራውን ባለሙያ ጥሩ። ውሃው በፓምፕ ወጥቶ አርማታው ሊፈስ ይችላል፤ ማስረጊያው ግን በዚያ ጥልቀት አይሠራም። የመጠጥ ውሃ ሮቶ ቀብራችሁ እንደ ሴፕቲክ አትጠቀሙ። የአፈሩን ግፊት እንዲችል ተብሎ አልተሠራም፤ ባዶ ሲሆን ደግሞ የምድር ውሃ ወደ ላይ ያነሳዋል።

ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት ተቆጣጣሪው ይይ። ከዚያ ታንኩን ውሃ ሙሉት፣ አርማታው የሚጠጣውን ይጠጣ፣ በማግስቱ ሙሉትና መስመር አስምሩበት። ሌላ 24 ሰዓት ጠብቁ። ውሃው ከመስመሩ ከወረደ ይፈሳል። ልስኑ ይደገም። ይህን ፈተና ሳያልፍ ለግንበኛው የመጨረሻውን ክፍያ አትስጡ። ሁሉንም ሳትሸፍኑ በፊት ፎቶ አንሱ።

ደረጃ 8፦ አጠቃቀምና ማስመጠጥ

የልጅ ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ የወጥ ቅባት ወደ ታንኩ አይግባ። በረኪና በብዛት መድፋት ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። በየዓመቱ በረጅም እንጨት ዝቃጩን ለኩ። ከውሃው ጥልቀት አንድ ሦስተኛ ከደረሰ የማስመጠጫው ጊዜ ነው። እስኪሞላ አትጠብቁ፣ በተለይ ከክረምት በፊት ጨርሱ።

እስካሁን ያነበባችሁትን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ፦ ማንም ሰው ወደ ታንኩ አይግባ። ሠራተኛም፣ ቤተሰብም፣ «ለአንድ ደቂቃ» እንኳ። ውስጡ ሃይድሮጅን ሰልፋይድና ሚቴን የሚባሉ አደገኛ ጋዞች አሉ፣ ኦክስጅን ያንሳል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታ ጠፋ ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። አንድ ሰው ከወደቀ ተከትሎ ለማውጣት የገባውም እዚያው ይቀራል። ክዳኑን ክፈቱ፣ ሰው አርቁ፣ ወደ 939 ደውሉ፣ እሳትና አደጋ ሥጋት ሠራተኞች እስኪመጡ በገመድ ብቻ ሞክሩ። ክብሪትና ሲጋራ ወደ ክዳኑ አይቅረብ።

የምታስመጥጡት ከባለሥልጣኑ መኪና ወይም ፈቃዱን ካሳያችሁ የግል መኪና ጋር ይሁን። የት እንደሚደፋ ጠይቁ። በጣም ርካሽ ዋጋ የሚጠራ፣ ማታ ብቻ የሚመጣና ደረሰኝ የማይሰጥ መኪና ፍሳሹን ወንዝ ዳር እንደሚደፋው ጠርጥሩ። ደረሰኙን ከፈቃዱ፣ ከንድፉና ከፎቶዎቹ ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጡ። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ የምታሳዩት፣ ቤቱን ስትሸጡም ለገዢ የምታስረክቡት ያን ፋይል ነው።